የአራተኛ ላይን ተጫዋች ቦታው ይገባዋል? ክርክሩ እንዴት ይያዝ

ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ካፒታል ዋን አሬና አጠገብ ባለ ፓርኪንግ በማታው ፈረቃ እሠራለሁ። የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን ካፒታልስ በሜዳው በሚጫወትበት ምሽት ሥራ የሚበዛብን ሁለት ጊዜ ነው፦ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መኪና ስናስገባ፣ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ልውጣ ሲል። በመሀል ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል የኛ ነው። ሁሉም ሰው ጋሼ የሚላቸው የሥራ ባልደረባዬና እኔ ከፔርሙሱ ቡና ቀድተን ጨዋታውን በታብሌት እናያለን። እያየንም እንከራከራለን።

የምንከራከረው ስለ ኮከቡ ግብ አግቢ ስለ ኦቬችኪን አይደለም። እሱ ላይ ምን ክርክር አለ? የሚያከራክረን አራተኛ ላይን በሚሉት በመጨረሻው የአጥቂዎች ምድብ ላይ ያለው ሰው ነው፤ በምሽት አሥር ደቂቃ የሚጫወተው፣ ስሙ በዜና የማይነሳው፣ ሌላ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው። በፌብሩዋሪ 2019 ቡድኑ የአራተኛ ላይን ክንፉን ዴቫንቴ ስሚዝ-ፔሊን ከስብስቡ ሲያወጣው ጋሼና እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም የምንለው ነገር መያዣ አልነበረውም። እሳቸው «ልጁ ዋንጫ አምጥቶልናል» ይላሉ፤ እኔ «ዘንድሮ 4 ግብ ብቻ ነው ያገባው» እላለሁ፤ ነገሩ አንድ ቦታ ይረግጣል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስንከራከር ያገኘነውን መንገድ ነው እዚህ የማስቀምጠው። ቶሮንቶም ሆነ ካልጋሪ፣ ሚኒሶታም ሆነ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኪ የሚያወራ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ቁጠሩ

ከእግር ኳስ የመጣ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በእግር ኳስ ተቀይሮ የወጣ ወጣ፤ ወንበር ላይ መቀመጥም የመናቅ ያህል ይቆጠራል። በሆኪ ግን ሁሉም ይቀያየራል። አንድ ተጫዋች በረዶው ላይ በሙሉ ጉልበቱ የሚቆየው 45 ሰከንድ ያህል ነው፤ ሺፍት ይሉታል። ከዚያ ወጥቶ ትንፋሹን ይሰበስብና ተራው ሲደርስ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ አራተኛ ላይን ላይ ያለ ሰው የእግር ኳሱ «ተቀያሪ» አይደለም። በየምሽቱ ይጫወታል፤ ጥቂት ይጫወታል እንጂ።

ካፒታልስ የሚጫወትበት ትልቁ ሊግ፣ የኤንኤችኤል፣ ቡድን በስብስቡ እስከ 23 ሰው መያዝ ይችላል። ለጨዋታ የሚለብሱት 20 ናቸው፤ 2 ግብ ጠባቂና 18 የሜዳ ተጫዋች። ከ18ቱ አብዛኛውን ጊዜ 12ቱ አጥቂ፣ 6ቱ ተከላካይ ናቸው። አጥቂዎቹ አንድ መሀል፣ ሁለት ክንፍ እየሆኑ አራት ላይን ይሠራሉ። አንዳንድ አሠልጣኝ 11 አጥቂና 7 ተከላካይ ያለብሳል፤ ያኔ አራተኛው ላይን ሁለት ሰው ብቻ ይቀረውና ሦስተኛውን ከላይኞቹ ላይኖች ይዋሳል።

ሒሳቡን አንዴ ብቻ ሥሩት። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሦስት አጥቂ በረዶው ላይ ካለ ለአጥቂዎች የሚከፋፈለው 180 ደቂቃ ነው። አራተኛው ላይን አሥር አሥር ደቂቃ ከተጫወተ 30 ደቂቃ ወሰደ ማለት ነው፤ ከስድስት አንድ እጅ። «እሱ ምን ለውጥ ያመጣል» ለሚል ሰው ይህን ንገሩት። ቡድኑ ከጨዋታው አንድ ስድስተኛውን የሰጠው ሰው ክርክር ይገባዋል።

ሌላም ነገር እዚሁ ለዩ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ዛሬ ማታ ይልበስ?» እና «ከ23ቱ አንዱ ሆኖ ይቆይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለ12ኛ አጥቂነት የማይበቃ ሰው ለ14ኛነት የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ወጣት ተጫዋች ደግሞ የሚያድገው በመጫወት ስለሆነ፣ ሳይለብስ ላይ ተቀምጦ ከሚያይ ኸርሺ ወርዶ በየምሽቱ ብዙ ደቂቃ ቢጫወት ይሻለዋል። ኸርሺ የካፒታልስ ታችኛ ቡድን ያለባት የፔንስልቬንያ ከተማ ናት። ጋሼና እኔ ለብዙ ቀናት የተጯጯህነው እሳቸው ስለ ሁለተኛው፣ እኔ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ እያወራን ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ሠራ አልሠራ አትበሉ

አራተኛ ላይንን በግብ መመዘን ጥበቃን በሽያጭ እንደመመዘን ነው። በ2018 ዋንጫውን ያነሳውን የካፒታልስ አራተኛ ላይን እንውሰድ። መሀሉ ጄይ ቢግል ነበር፤ በድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) ማንም ያልመረጠው፣ ከታችኛው ሊግ ተነስቶ የሦስቱን ደረጃ ሊጎች ዋንጫ፣ የኬሊን፣ የካልደርንና የኤንኤችኤልን የስታንሊ ዋንጫ፣ ሦስቱንም የበላ ሰው። አሠልጣኙ ባሪ ትሮትዝ ቢግልን የሚያስገባው የት ነበር? ፌስኦፉ (ዳኛው ፓክ የምትባለውን የጎማ ክብ በሁለት ተጫዋቾች መሀል ጥሎ ጨዋታውን የሚያስጀምርበት) በኛ ግብ አጠገብ ሲሆን፣ መሪነታችንን ስንጠብቅ፣ ሰው ጎድሎብን በአራት ስንጫወት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው «ስንት ግብ አገባ?» ብሎ መጠየቅ ሥራውን አለማወቅ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «በኛ በኩል ጀምሮ ስንቴ ከኛ በኩል አወጣን?» የሚለው ነው።

እኔ ይህን የምቆጥረው በፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ነው። ከጥቅሉ አንድ እቀድድና የተጫዋቹን ቁጥር ከላይ እጽፋለሁ። በገባ ቁጥር ፓኩ የት እንደነበረ፣ በወጣ ቁጥር ደግሞ የት እንደተወው በቀስት እመዘግባለሁ፤ ወደ ተጋጣሚ ግብ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ወደኛ ከሆነ ወደ ግራ፣ መሀል ከሆነ ዜሮ። አሥር ደቂቃ የሚጫወት ሰው አሥራ ሦስት አሥራ አራት ሺፍት አለው፤ ቲኬቱ ይበቃዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ከመግቢያው ቀስት ይልቅ የመውጫው ወደ ቀኝ የበዛ ከሆነ ሰውየው ሥራውን ሠርቷል፤ ቀጥሎ የሚገባው አንደኛ ላይን ኳሱን (ይቅርታ፣ ፓኩን) በጥሩ ቦታ ነው የሚያገኘው። ግብ ሲገባ ስሙ አይጠራም፣ ግን እሱ አለበት።

ለዚህ ግን ዓይንን ከፓኩ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። አንድ ጨዋታ ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ተመልከቱ። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት በ25 ቁጥር፣ በስሚዝ-ፔሊ ነው፤ ያየሁትን አንድ ሺፍት ልንገራችሁ። ፌስኦፉ በኛ ግብ ጠባቂ በስተቀኝ ነበር። መሀላችን ፓኩን ወደ ኋላ ሳበ፤ ተከላካያችን ግድግዳውን አስታኮ በግቡ ጀርባ አዙሮ ለቀቀው። ፓኩ ሰሌዳውን እየፈተገ ወደ 25 መጣ። በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚው ተከላካይ የኛን ክልል ከሚያጥረው ሰማያዊ መስመር ተነስቶ በሙሉ ፍጥነት ወደሱ ይመጣል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀበለው፣ ሰውየውን አያየውም፣ ድምፁን ግን ይሰማል። እዚህ ላይ ፈሪ ክንፍ እግሩን አሽሽቶ በዱላው ብቻ ይነካካል፤ ፓኩ ያልፈዋል፣ ተጋጣሚ ያገኘዋል፣ ሠላሳ ሰከንድ በግባችን ፊት እንታመሳለን። 25 ቁጥር ግን ዳሌውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፣ ፓኩን በጫማው አቆመ፣ ተመታ፣ እየተመታም በዱላው ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደፊት ገፋት። ፓኩ ሰማያዊውን መስመር አለፈች። መሀሉ ደርሶባት ወደ ተጋጣሚ ጥግ ወረወራት፤ ሦስቱም ወደ ወንበር ሮጡ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። በስታቲስቲክሱ ገጽ ላይ ከዚህ ሺፍት የተመዘገበ አንዳች ነገር የለም። በቲኬቴ ላይ ግን ከግራ ጀምሮ በቀኝ ያለቀ አንድ ቀስት አለ።

ይህን ከአምስት ጨዋታ በታች አታድርጉት። በአንድ ምሽት ማንም ሰው ጥሩም መጥፎም ሊመስል ይችላል። ደግሞም የምትከራከሩለትን ሰው ብቻ ሳይሆን ሊተካው ይችላል የምትሉትንም በዚያው ልክ ቁጠሩ፤ አለበለዚያ ቆጠራው ለአንድ ወገን የቀረበ ምስክር ይሆናል።

ቁጥር ስታነሱ

ናቹራል ስታት ትሪክና መኒፓክ የሚባሉ ነፃ ገጾች አሉ፤ ለአንድ ተጫዋች የሚያስፈልገውን ሁሉ ታገኙበታላችሁ። እኔ አራት ነገር ብቻ ነው የማየው።

መጀመሪያ ሺፍቱን የት እንደሚጀምር። አሠልጣኙ በራሳችን በኩል የሚያስጀምረውንና በተጋጣሚ በኩል የሚያስጀምረውን ሰው በአንድ ሚዛን አታስቀምጡ። ቀጥሎ ኮርሲ የሚሉት አለ፤ እሱ በረዶው ላይ እያለ ሁለቱ ቡድኖች ከሞከሩት ምት ሁሉ (የገባውም፣ የሳተውም፣ የታገደውም) የኛው ስንት መቶኛ እንደሆነ ይናገራል። 50 ከሆነ እኩል ለእኩል ነው። በራሳችን በኩል እየጀመረ 47 ወይም 48 ያመጣ የአራተኛ ላይን ሰው ለኔ ጥሩ ሠራተኛ ነው። በተጋጣሚ በኩል እየጀመረ 45 የሚያመጣውን ግን አልከላከልለትም።

ሦስተኛው ቅጣት ነው፤ ሰዎች ይህን ይረሱታል፤ እኔ ግን አጥብቄ እይዘዋለሁ። ስንት ቅጣት ሠራ፣ ስንትስ በሱ ላይ ተሠራ? አንድ ትንሽ ቅጣት ሁለት ደቂቃ በሰው ጎደሎ ያስጫውታል፤ ቡድኖች በቁጥር ብልጫ ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል ያገባሉ። የሚቀጣው ቅጣት ተጋጣሚን ካስቀጣው በዓመት በአሥር የሚበልጥ ሰው ሁለት ግብ ያህል ለተጋጣሚ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በዓመት 5 ግብ ለሚያገባ ሰው ሁለት ግብ ከባድ ነው። አራተኛው በሰው ጎደሎ ስንጫወት የሚሰጠው ደቂቃ ነው፤ አሠልጣኙ በችግር ጊዜ ያምነው እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ፌስኦፍን ግን ከሚገባው በላይ አታግዝፉት። ቢግል በዋንጫው ዓመት ከ58 በመቶ በላይ ያሸንፍ ነበር፤ ትልቅ ቁጥር ነው። ግን በምሽት አሥር ፌስኦፍ የሚወስድ ሰው ከ50 ወደ 55 በመቶ ቢያድግ ልዩነቱ በምሽት ግማሽ ፌስኦፍ ነው። «ፌስኦፉ ጥሩ ነው» ብቻውን ቦታ አያሰጥም።

ግብን በተመለከተ ደግሞ የጥቂት ጨዋታ ግብ ያታልላል። ስሚዝ-ፔሊ በ2017–18 መደበኛ ውድድር በ75 ጨዋታ 7 ግብ አገባ። በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫው በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) በ24 ጨዋታ 7 አገባ። ሰውየው ያው ሰው ነው። የትኛው ነው እውነተኛው? እኔ ለቀጣዩ ዓመት ስከራከር ብዙ ጨዋታ ያለበትን እይዛለሁ። ጋሼ ግን ለዚህ መልስ ነበራቸው፤ ፍትሐዊ ለመሆን ልጻፈው፦ «ልጄ፣ በ2014 ከአናሃይም ጋር ሆኖም በ12 ጨዋታ 5 አግብቷል። ሁለት ጊዜ የመጣ ዕድል ምን ዓይነት ዕድል ነው?» ይህ የሚናቅ ነጥብ አይደለም። ሰውየው በፕሌይኦፍ ያደረገው ከመደበኛው ውድድር የተሻለ እንደነበር ተቀበልኩ፤ በ36 ጨዋታ ላይ ተመርኩዤ ለ82 ጨዋታ ቦታ መስጠትን ግን አልተቀበልኩም።

«በማን ፋንታ?»

ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ሳይደርስ ይጣላል። ስለ አንድ ተጫዋች «አይረባም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትቆጡ፤ ጠይቁት፦ በሱ ፋንታ ማን ይግባ? በስም። «ከታች አንድ ወጣት ይምጣ» ካለ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የትኛው ወጣት? ክንፍ ነው መሀል? በሰው ጎደሎ ተጫውቶ ያውቃል? ያ ወጣት በአንደኛ ላይን ጥሩ የሚሆነው ግብ አስቆጣሪ ስለሆነ ከሆነ፣ በአሥር ደቂቃ፣ ከሁለት ግድግዳ ገፊዎች ጋር፣ በራሳችን ግብ በኩል ብትጀምሩት ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። ተሰጥኦው የበለጠ መሆኑና ለዚያ ሥራ መሻሉ አንድ አይደለም።

ስሙ ከተጠራ በኋላ ወይቨርን አስቡ። ታችኛው ሊግ ለመውረድ ወይቨር ማለፍ የሚገባው ተጫዋች ሲወርድ ሌሎቹ ቡድኖች 24 ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ ከፈለጉ ይወስዱታል፣ እናንተም ሜዳ ላይ የሚጫወት ሰው ታጣላችሁ። ወጣቶች እንደ ዕድሜያቸውና እንደተጫወቱት ጨዋታ ብዛት ለተወሰነ ጊዜ ከዚህ ነፃ ናቸው፤ እንደልብ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ቡድኖች ወደ 23 ሲቀንሱ «የተሻለው ወጣት ወርዶ ይሄ ሽማግሌ ለምን ቀረ?» የሚል ንዴት ይነሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ወጣቱን ብታወርዱት ሁለቱም አላችሁ፤ ሽማግሌውን ብታወርዱት አንዱን ልታጡ ትችላላችሁ። ይህን የማያውቅ ሰው አሠልጣኙን ይሰድባል።

የስሚዝ-ፔሊን ነገር በዚህ ጥያቄ ስናየው መልኩ ተለወጠብን። በ2018–19 በ54 ጨዋታ 4 ግብ ነበረው። ቡድኑ እሱን ባወጣበት ሳምንት ከሎስ አንጀለስ ካርል ሃግሊንን አመጣ። ሃግሊን ፈጣን ነበር፣ በሰው ጎደሎ ጊዜ ጥሩ ነበር፣ በ2016 እና በ2017 ከፒትስበርግ ጋር ሁለት ዋንጫ አንስቷል። «በማን ፋንታ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። ላም አለኝ በሰማይ አልነበረም። እኔ ያኔ ቡድኑ ልክ ነው አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ።

ስለ ገንዘብ

አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለው ደመወዝ ጣሪያ ባለው ሊግ ውስጥ ለአራተኛ ላይን የሚከፈል እያንዳንዱ ዶላር ከሌላ ሰው የተነሳ ነው። በ2018–19 የደመወዝ ጣሪያው 79.5 ሚሊዮን፣ ዝቅተኛው ደመወዝ 650 ሺህ ዶላር ነበር። በ2025–26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን፣ ዝቅተኛው 775 ሺህ ደርሷል። የስሚዝ-ፔሊ ደመወዝ በዓመት 1 ሚሊዮን ነበር፤ ኸርሺ ሲወርድ ያ ገንዘብ በሙሉ በጣሪያው ሥር ከሚቆጠረው ተቀነሰና ለሃግሊን ቦታ ተገኘ።

በዚህ ጉዳይ እኔ የማውቀው ከሁሉ የጠራ ምሳሌ የ2018 ክረምት ነው። ከዋንጫው በኋላ ቫንኩቨር ለቢግል የ4 ዓመት 12 ሚሊዮን ውል ሰጠው፤ በዓመት 3 ሚሊዮን። ሰውየው ይገባዋል፣ ደክሞ ያገኘው ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ካፒታልስ ግን በቦታው ኒክ ዳውድን በ650 ሺህ ዶላር አስፈረመ። ዳውድ ለዓመታት ያንኑ ከባድ ሥራ፣ በራሳችን በኩል መጀመርንና በሰው ጎደሎ መጫወትን፣ ተሸክሞ ኖረ። ቫንኩቨር በ2021 ክረምት ቢግልን ከሌሎች ሁለት ከባድ ውሎች ጋር አስሮ፣ 9ኛውን የድራፍት የአንደኛ ዙር ምርጫም ጨምሮ፣ ሁለት ተጫዋች ለማግኘት ወደ አሪዞና ላከው። ስለዚህ «ጥሩ የአራተኛ ላይን ሰው ነው» ስትሉ «በስንት?» የሚለውን አስከትሉ። በ800 ሺህ ቦታው የሚገባው ሰው በ3 ሚሊዮን ላይገባው ይችላል፤ ያ ጥፋቱ ደግሞ የተጫዋቹ አይደለም፣ ገንዘቡን የሰጠው ሰው ነው።

«ልብ አለው» ለሚል ሰው

ይህን ማጣጣል ስህተት ነው፤ እኔም አላደርገውም። በጁን 5 ቀን 2013 የቦስተኑ ግሬጎሪ ካምቤል በሰው ጎደሎ ሲጫወት የፒትስበርጉን የማልኪንን ምት በእግሩ አገደ። እግሩ ተሰበረ። ተነስቶ በአንድ እግሩ እየተንከላወሰ ቅጣቱ እስኪያልፍ አንድ ደቂቃ ያህል በረዶው ላይ ቆየ፤ ቦስተን በዚያ ምሽት በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈ። ያን ያየ የቡድን ጓደኛ ነገ እግሩን አያሸሽም። ልብ ይቆጠራል።

ግን ልብ በሥራ ሲታይ ነው የሚቆጠረው። የካምቤል ልብ ፓክ አገደ። በአንጻሩ ሥራው ቡጢ ብቻ የሆነ ሰው፣ በምሽት አምስት ደቂቃ ተጫውቶ አምስት ደቂቃ ቅጣት ሣጥን የሚቀመጥ፣ ዛሬ ቦታ የለውም፤ ሊጉም ራሱ ከነሱ ርቋል። የካምቤል የላይን ጓደኛ ሾን ቶርንተን ሊጣላ ይችል ነበር፣ ግን በ2010–11 10 ግብም አግብቷል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ዙር ቶርንተን በተቀመጠባቸው ሁለት ጨዋታዎች ቦስተን ተሸነፈ፤ በገባበት በሦስተኛው 8 ለ 1 አሸነፈ። ይህን አንስቶ «አያችሁ!» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ስምንት ግብ የአንድ የአራተኛ ላይን ሰው ሥራ አይደለም በሉት፤ በትሕትና።

ስለምንወደው ሰው ስንከራከር

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የምር ነው። ስሚዝ-ፔሊ በቶሮንቶዋ ስካርቦሮ ያደገ ጥቁር ልጅ ነው። በ2017 ኒው ጀርሲ ውሉን ከፍሎ አሰናበተው፤ ካፒታልስ በ650 ሺህ ዶላር፣ ታችኛው ሊግ ሊወርድ በሚችልበት ውል ወሰደው። በፌብሩዋሪ 2018 ቺካጎ ውስጥ ቅጣት ሣጥን ተቀምጦ ሳለ ተመልካቾች «ባስኬትቦል» እያሉ ጮኹበት፤ አራት ሰዎች ከአዳራሹ ተባረሩ። የዋሽንግተን ደጋፊዎች ለፎርት ዱፖንት የሆኪ ክለብ ገንዘብ በማዋጣት መለሱ፤ ኒል ሄንደርሰን በ1978 ለዚህች ከተማ ጥቁር ልጆች ያቋቋመው ክለብ ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 7፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ 3 ለ 2 እየተመራን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፓኩን በእግሩ አቀና፣ እየወደቀ መታ፣ አገባ። ከዚያ ላርስ ኤለር አራተኛውን ጨመረ። በሜዳችን ዙሪያ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ፓርኪንጋችን ውስጥ መኪና አይገባም አይወጣም፤ ጋሼ ዳሱ ውስጥ ቆመው እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

እንዲህ ያለውን ልጅ ከሚወድ ሰው ጋር «4 ግብ ብቻ» ብላችሁ ክርክር አትጀምሩ። መጀመሪያ ፍቅሩን ጮክ ብላችሁ ተቀበሉ፤ የኔም ነውና አልከበደኝም። ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ቆዳው የሱን የሚመስል ሰው ያንን ግብ ሲያገባ አይቷል፤ ያ ለዘላለም ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ በማንም ወይቨር አይወርድም። ከዚያ በኋላ ነው የስብስቡ ጥያቄ ለብቻው የሚነሳው። «ጋሼ፣ እኔም እንደርስዎ እወደዋለሁ። አሁን ይንገሩኝ፦ ሃግሊን ሲመጣ ማን ይውጣ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ግን ያልጠበቅሁትን መለሱልኝ፦ «እሺ፣ ይውረድ። ግን አንዱ ሲሰበር ማንን ትጠራለህ?»

ለዚህ ያኔ መልስ አልነበረኝም። እኔ ስለ 12ኛው አጥቂ ስከራከር እሳቸው ስለ 14ኛው ወይም 15ኛው እያሰቡ ነበር። በወይቨሩ ማንም ስላልወሰደው ስሚዝ-ፔሊ ኸርሺ ወረደ። በኤፕሪል፣ ከካሮላይና ጋር በአራተኛው ጨዋታ ቲ. ጄ. ኦሺ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። በማግስቱ ቡድኑ የጠራው ስሚዝ-ፔሊን ነው።

ለአምስተኛው ጨዋታ መኪናዎቹን አስገብተን ወደ ዳሷ ስንመለስ ቡናውን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ጋሼ እስከዚያ ቀን ቲኬቴን ነክተው አያውቁም፤ «ዓይኔ ይበቃኛል» ነበር የሚሉት። በዚያ ምሽት ከጥቅሉ አንድ ቀደዱ፣ ገለበጡት፣ ከላይ 25 ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን እንደያዙ ታብሌቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።